ያደረ ፊርማ

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ «አሳዳሪው» ይሉት ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው የፕሮግራም ፈታሽ ነው፤ እሱ ራሱ ግንባሩ የበር መቃን ስለሚስም «ረጅሙ» ይባላል። አሳዳሪው አንድ ሥራ ሲጨርስ ማታውን አይልከውም። ይጨርሰዋል፣ ይፈርምበታል፣ ከዚያ ላፕቶፑን ክድን አድርጎ ኮቱን ያነሣል። በማግስቱ ጠዋት የማያውቀው ሰው የጻፈው ይመስል ቁጭ ብሎ ያነበዋል። እንከን ካጣበት ያን ጊዜ ይልከዋል።

«ሊጥ ነው እንዴ የምታሳድረው?» ይለዋል ረጅሙ። «እስኪቦካ ነው የምንጠብቀው?»

«ሊጥማ ቢበላሽ አንድ ቤት ነው ጦሙን የሚያድረው» ይላል አሳዳሪው ቀና ሳይል። «የእኛ ቢበላሽ ስንቱ ይታለላል?»

መሥሪያ ቤቱ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትንና አብረው የሚሠሩበትን ድረ ገጽ የሚሠራ ነው። አንድ ጸሐፊ ኮዱን በለወጠ ቁጥር ለውጡ ከስሙ ጋር ይመዘገባል። ስም መጻፍ ግን ማንም ይችላል። አንዱ ተነሥቶ የሌላውን ስም ቢጽፍ ከልካይ የለውም። ፊርማ የመጣው ለዚህ ነው። ፊርማው የብዕር አይደለም፤ በሁለት ቁልፎች የሚሠራ ሒሳብ ነው። አንደኛው ቁልፍ በባለቤቱ እጅ ተደብቆ ይኖራል፤ የሚፈረመው በእሱ ነው። ሁለተኛው ለሁሉም የሚታይ ነው፤ ፊርማው የማን እንደሆነ የሚመረመረው በእሱ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ከለውጡ አጠገብ «ተረጋግጧል» የምትል አረንጓዴ ምልክት ትወጣለች። ካልገጠሙ ምልክቷ ግራጫ ትሆንና «አልተረጋገጠም» ትላለች። ያችን የጥፍር ታህል ምልክት የሚያወጣውን ክፍል የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አሳዳሪው፣ ረጅሙና የአሳዳሪው ታላቅ እህት።

እህቱን «እትዬ» ነው የሚላት። ከእሱ የሰሙ ሁሉ እትዬ አሏት፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። ወደዚህ ሥራ ቀድማ የገባችው እሷ ናት። እሱ ተወዳድሮ ሲቀጠር ወንድሟ መሆኑን ለማንም አልተናገረችም፤ በዘመድ ገባ እንዳይባል ፈርታ ነው። ምስጢሩ ግን የመጀመሪያውን ቀን እንኳ አልዋለም። በስብሰባው መካከል አሳዳሪው ብርጭቆውን ዘርግቶ፣ «እትዬ፣ ስኳር ጨምሪልኝ» አላት። ከአለቃ እስከ ጽዳት ሠራተኛ በሳቅ ፈረሰ።

ልጅ ሳለም እንዲሁ ነበር። እናታቸው «ማነው ብርጭቆውን የሰበረው?» ሲሉ ሌላ ልጅ ወዲያው ይምላል። እሱ «ነገ እነግርሻለሁ» ይላል። በማግስቱ ፊቱን ሳይታጠብ ይመጣና «እኔ ነኝ» ይላል፤ ወይም «እኔ አይደለሁም» ይላል፤ እናታቸውም ከዚያ ወዲያ ሌላ ምስክር አይፈልጉም። «የዚህ ልጅ ቃል ካደረ አይዋሽም» ይሉ ነበር ለጎረቤት።

ጠባዩ ያስከፈለው ነገርም አለ። ወጣት ሳለ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ይወድ ነበር። ልጅቷ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘችና፣ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብላ ጠየቀችው። «ልደርበት» አላት። በማግስቱ «ቅሪ» ሊላት መናኸሪያ ሲደርስ አውቶቡሱ ወጥቷል። እትዬ ያን ቀን ምሳ እየበሉ፣ «አውቶቡስ እንዳንተ አያድርም፣ ወንድሜ» አለችው። ሳቀ። ሹካውን ግን እንዳስቀመጠ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሴት ስም ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ያችን ቀልድ ዛሬ መልሳ ብትውጣት በወደደች።

በሥራው አንድ ጊዜ ብቻ ቸኩሏል። ገና አዲስ ሳለ አለቃው ስለጎተጎተው ሥራውን ሳያሳድር ላከ። የላከው ምርመራ፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን የኢሜይል አድራሻ ከጸሐፊው አድራሻ ጋር ያስተያያል፤ አድራሻው በእርግጥ የቁልፉ ባለቤት መሆኑን ግን አይጠይቅም። እንግዲህ ማንም ሰው በገዛ ቁልፉ ላይ የሌላውን አድራሻ ቢጽፍ፣ በዚያ በሌላው ስም አረንጓዴ ምልክት ያወጣል ማለት ነው። በማግስቱ ቀዳዳውን ያገኙት የመረጃ ጥበቃ ኃላፊው ናቸው። እኒህ ሰው ጡረታ የተቃረቡ፣ «እንደምን አደሩ?» ሲባሉ እንኳ «ለምን ጠየቅህ?» የሚል ዓይን ያላቸው ናቸውና «አባ ጥርጥር» ይባላሉ። እንደሚባሉ ያውቃሉ፤ አይከፋቸውምም። ቀዳዳው ማንም ሳይጎዳ ተደፈነ። አባ ጥርጥር አልተቆጡም። ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ምልክት ባይኖር ሰው ይጠነቀቃል። የሐሰት ምልክት ካለ ግን ተኝቶ ይዘረፋል» አሉት። አሳዳሪው ከዚያ ቀን ወዲህ ያላሳደረውን ልኮ አያውቅም።

ኋላ አንድ ቅሬታ መጣ። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ የፕሮግራም ባለሙያ ነበሩ። ላፕቶፓቸው ተሰርቆ፣ ደንቡ እንደሚያዘው የድሮ ቁልፋቸውን ሰርዘው አዲስ አወጡ። የዚያን ዕለት የዕድሜ ልክ ሥራቸው አንድም ሳይቀር ግራጫ ሆነ። ድረ ገጹ ፊርማን የሚመረምረው ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ነው፤ ቁልፉ ዛሬ ከተሰረዘ ድሮ በደህና ጊዜ የተፈረመውም አብሮ ይወድቃል። ሰውየው በቅሬታቸው መጨረሻ፣ «እኔ አዲስ ቁልፍ አወጣሁ እንጂ አዲስ ሰው አልሆንኩም» ብለው ነበር። አሳዳሪው ይህችን አረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከስክሪኑ ግርጌ ለጠፋት።

«መንጃ ፈቃዱ ያለፈበትን ሰው፣ እስከዛሬ የነዳኸውን ሁሉ በእግርህ ነው የሄድከው እንደማለት ነው እኮ!» አለ።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለች እትዬ።

«ልደርበት።»

አደረበትና በማግስቱ መልሱን ይዞ መጣ። ሥራው ወደ እኛ በደረሰ ጊዜ እንመርምረው፤ እውነት ከሆነ፣ በዚህ ቀን መርምረን እውነት ሆኖ አግኝተነዋል ብለን እንመዝግብ፤ ቁልፉ ኋላ ቢሰረዝ ያ ምስክርነት አይሰረዝ። ቁልፍ ሲሰረዝ ደግሞ ባለቤቱ ከመቼ ጀምሮ እንደማይታመን ቀኑን ይናገር፤ ከዚያ ቀን በኋላ የደረሰ አይጽና። ሰርቨሩ እያንዳንዱ ሥራ መቼ እንደደረሰው ድሮም ስለሚያስቀምጥ፣ የዱሮዎቹንም አንድ ጊዜ ዞሮ መርምሮ መመዝገብ ይቻላል። ዱሮዎቹን ለመመርመር ግን ቁልፋቸው በዚያች ሰዓት ያልተሰረዘ መሆን አለበት።

ሲነገር ቀላል ነው። ሥራው ግን ከባድ ነበር፤ እሱም እያሳደረ ነበር የሚሠራው፤ መሐል ላይም ታመመ።

በሽታው የደም ነው። መጀመሪያ ደረጃ ሲወጣ መድከም ጀመረ፤ ረጅሙ «አረጀህ!» እያለ ላፕቶፑን ይሸከምለት ነበር። በኋላ ድዱ ይደማ ጀመር። ሆስፒታል ሲገባ የለበሰው ልብስ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ያያል። ምግብ የሚቀርብባትን ባለ ጎማ ጠረጴዛ ወደ ደረቱ ስቦ ላፕቶፑን ያኖርባታል። ነርሷ፣ «ይህ የሾርባ ቦታ ነው» ስትለው፣ «ሾርባውን ጭኔ ላይ አድርጊልኝ» ይላታል።

የሚፈርምባት ቁልፍ ትንሽ የብረት ቁራጭ ናት። ላፕቶፑ ላይ ትሰካለች፤ ምስጢር ቁጥሯ ከገባ በኋላ በጣት ስትነካ ብልጭ ትላለች፤ ያን ጊዜ ፊርማው ሥራው ላይ ያርፋል። ካልነኳት አትፈርምም። አሳዳሪው ቁጥሯንም የላፕቶፑንም መክፈቻ ለእትዬ ነግሯታል። «ለክፉ ቀን» ነበር ያላት፤ እሷም «ክፉ ቀን ይራቅ» ብላ አፉን ያዘችው።

የመጨረሻው ምሽት ደህና ነበር። ጉንጩ ቀልቶ ነበር፤ ትኩሳት መሆኑን ኋላ ነው ያወቀችው። አጠገቡ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። እሱ ጥቂት ጻፈ፣ አነበበ፣ እንደገና ጻፈ። ከዚያ አውራ ጣቱን ዘርግቶ ብረቷን ነካት። ብልጭ አለች። ለሚቀጥለው ለውጥ ሁለተኛም ነካት፤ እንደገና ብልጭ አለች።

«አለቀ?» አለችው።

«አለቀ። ሁሉም አለቀ።»

«ላከዋ!»

«ይደር።»

«ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ምን ያድራል?»

«እኔ እያደርኩ አይደል?»

ሳቀች። አንድ ክፍል ብርቱካን አጎረሰችው። ላፕቶፑን ከድናለት መብራቱን አጠፋችለት።

ሥራው አደረ። እሱ አላደረም።

እትዬ ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራ ስትመለስ ረጅሙ ከወንበሩ ተነሣ። «ሻይ ላምጣልሽ?» አለ። አመጣላት፤ ስኳር ረሳ። ሁለቱም የአሳዳሪውን ባዶ ወንበር ላለማየት ስክሪናቸው ላይ ተተከሉ።

ከሰዓት በኋላ አባ ጥርጥር መጡ። እንደ ልማዳቸው ከበር ላይ ቆመው አልተናገሩም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያን ጊዜ የመጡበት ነገር እንደሚከብድ ገባት።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ።»

«ያኑርዎት፣ ጋሼ።»

«ደንቡን አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ። «ባለቤት የሌለው ቁልፍ ክፍት በር ነው። በዚያው ቀን መሰረዝ ነበረበት። እጄ እምቢ አለኝና አቆየሁት። ከዓርብ ግን አያልፍልኝም፤ ከላይ ጠይቀውኛል።»

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ደንቡን ሲጽፉ ከእሳቸው ጋር ተቀምጣ ነበር።

አባ ጥርጥር ከወጡ በኋላ ረጅሙ፣ «ዓርብ ከተሰረዘ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። መጨረስም አያስፈልገውም ነበር። አዲሱ ሥራ እስከዚያ ካልገባ፣ ቁልፉ ሲሰረዝ የአሳዳሪው የሥራ ዘመን በሙሉ ግራጫ ይሆናል። ያችን አረንጓዴ ምልክት ራሷን የሠራባቸው ለውጦች ሳይቀሩ «አልተረጋገጠም» ሊባሉ ነው። ከዓርብ በፊት ከገባ ግን የዱሮው ተመርምሮ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ቢሰረዝም አይነካም። የሥራው ማሰሪያ ያለው ደግሞ በእሱ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ተፈርሞ፣ ሳይላክ።

ላፕቶፑ እናታቸው ቤት ነበር። እትዬ ስትገባ አልጋው ላይ፣ ትራሱ አጠገብ፣ ኤሌክትሪክ እንደተሰካበት አገኘችው። እናታቸው፣ «እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አሉ፤ የተያዙ ይመስል። ብረቷን ቁልፍ ደግሞ ከቤታቸው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አስረው ይዘዋታል።

«ይህችን ልወስዳት ነው፣ እማዬ።»

«ለምን?»

«ልትሰረዝ ነው። ዓርብ።»

እናታቸው ቀለበቱን መዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት። «ከዚያስ? ሥራው ምን ይሆናል?»

«ካልደረስንለት ምልክቱ ይጠፋል።»

«ልጄ የሠራውን አልሠራውም ሊሉት?»

«አልሠራውም አይሉም። እሱ መሆኑ አልተረጋገጠም ነው የሚሉት።»

«ምን ለየው?»

እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ ልዩነቱን ለደንበኞች ስታስረዳ ኖራለች። አሁን ግን መዳፏን ብቻ ዘረጋች። እናታቸው ቀለበቱን ፈትተው፣ ብረቷን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጧት። «እንግዲያ ድረሽለት» አሏት።

ደረሱለት። የላፕቶፑን ክዳን ስትከፍት እሱ በተወበት መስመር ላይ የጽሑፍ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቅ ነበር። የመጨረሻዎቹ ለውጦች በተርታ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ተፈርመዋል። ብረቷን አላወጣቻትም። የተፈረመን ሥራ ለመላክ ቁልፉ አያስፈልግም፤ ከመሐረቡም እንድትወጣ አልፈለገችም። ሐሙስ ላከችው። ሰርቨሩ ተቀበለ፤ ቁልፉ ገና ስላልተሰረዘ ሁሉም አረንጓዴ ሆነው ወጡ። የሞተው ወንድሟ ስም በዕለቱ ሥራዎች ራስጌ ላይ፣ «ተረጋግጧል» ተብሎ።

ረጅሙ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «እይው! እይው እንጂ እትዬ! ዛሬ የገባ ነው የሚመስለው!»

እትዬ አየችው። አፏን በእጇ ሸፍና ቆየች።

ፍተሻው ሁሉ አለፈ። የዱሮው ሥራ ተዙሮ ተመረመረ፤ ተመዘገበም። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን መሰረዝ። አዲሱ የመሰረዣ ገጽ ደግሞ ራሱ አሳዳሪው የሠራው ነው፤ አንድ ባዶ ሣጥን አለው። «ከመቼ ጀምሮ አይታመንም?» ይላል።

አባ ጥርጥር መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻዋ በላይ አዩ። የሞተበትን ቀን ብትጽፍ ምን እንደሚሆን ለእሳቸው ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ዛሬ የደረሱት የመጨረሻዎቹ ሥራዎች ከዚያ ቀን በኋላ የደረሱ ናቸውና ይወድቃሉ።

«ነገ ዓርብ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዓርብ ብለሽ ጻፊው።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን ሰው የምታውቀው ሁሉን ሲጠራጠሩ ነው።

«እኔ የምጠየቀው ቁልፉ ዓርብ ተሰርዟል ወይ ተብዬ ነው» አሉ። «ሣጥኑን ማንም አይከፍተውም። ፊርማው የራሱ ነው፤ ሲፈርም አጠገቡ ነበርሽ። ማንን ዋሸን?»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ረጅሙ። «የራሱ ፊርማ እኮ ነው! ለአንድ ሌሊት ማሳደር ብሎ…» ሳይጨርሰው ወደ መስኮቱ ዞረ።

እትዬ ጣቶቿን ከመጻፊያው ላይ አነሣች። ዓርብ ብላ ብትጽፍ፣ በዓለም ላይ አንድ ቦታ፣ በአንዲት ጠባብ ሣጥን ውስጥ፣ ወንድሟ እስከ ዓርብ ድረስ በሕይወት ይኖራል። ከቀብሩ በኋላ ይኖራል። እሷ ሳታየው ጥቂት ተጨማሪ ቀናት ሠርቷል ማለት ነው። ማን ይጎዳል? ገጹን ሳትዘጋ ተነሣችና ኮቷን አነሣች።

«ይደር» አለች።

ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ሻይ አላፈላችም። የወንድሟን የመጨረሻ ሥራ ከፍታ፣ እሱ እንደሚያደርገው፣ የማያውቁት ሰው እንደጻፈው አድርጋ ከላይ ጀምራ አነበበች። ትናንት ሮጣ ነበር ያለፈችው። ኮዱ የእጁ ጠባይ አለው፤ አጭር ነው፣ አይጮህም። ከኮዱ በኋላ ፍተሻዎቹ መጡ፤ ኮዱ በትክክል መፍረዱን የሚፈትኑ የፈጠራ ጉዳዮች ናቸው። በፍተሻ ውስጥ ለሚፈጥራቸው ሰዎች ሁልጊዜ «እገሌ» እና «እገሊት» ነው የሚላቸው። እገሌ ቁልፉን ጣለ። እገሊት ቁልፏ ተሰረቀባት። እገሌ የእገሊትን አድራሻ ሰርቆ ጻፈ፤ ይህኛው የድሮ ስሕተቱ ነው፤ በየሥራው ሁሉ ያስገባዋል። ፈገግ አለች።

ከሁሉ ግርጌ አንድ ነበር።

እገሌ ሰኞ ሞተ፤ ሥራው ማክሰኞ ደረሰ። ምን ይባል? የሚጠበቀው መልስ፦ አልተረጋገጠም።

ከሥሩ ደግሞ ኮድ የማይሆን፣ ለሚያነብ ሰው ብቻ የተጻፈ መስመር ነበረ። «ፊርማው እውነት ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ሲፈረም አላየንም።»

እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ብርቱካን ስትልጥለት ነው ይህን የጻፈው። ትኩሳቱን ያወቀው እሱ ነበር፤ ያላወቀችው እሷ ናት። እያወቀም «ይደር» አለ። ለራሱ ሥራ እንኳ፣ ለዚያች ምሽት እንኳ፣ ደንቡን አላጎበጠም። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ረጅሙና አባ ጥርጥር ሲመጡ ፊቷን ታጥባ ጠበቀቻቸው። ሣጥኑ ውስጥ ወንድሟ የሞተበትን ቀን ጽፋለች። ገና አላጸደቀችውም።

«እትዬ፣ ተይ እንጂ…» አለ ረጅሙ።

«አንብበው» ብላ ስክሪኑን አዞረችለት። አነበበ። እስከ ግርጌው ሲደርስ ለአባ ጥርጥር ቦታ ለቀቀ። አባ ጥርጥርም አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጠርገው እንደገና አደረጉት፤ እንደገና አነበቡት።

«ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ ነበር ለካ» አሉ።

ያልተረጋገጠ ሥራ ወደ ዋናው ኮድ የሚገባው፣ የገባም ከሆነ የሚቆየው፣ ሌላ ሰው በላዩ ፈርሞ ኃላፊነቱን ሲወስድ ብቻ ነው። እትዬ የራሷን ቁልፍ ሰካች። ከወንድሟ ሥራዎች በላይ የራሷን አንድ መዝገብ አኖረች። «ይህን ሥራ ከወንድሜ እጅ ተቀብዬዋለሁ። ሲፈርም አጠገቡ ነበርኩ። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ምስክርነቱ የእኔ ብቻ ነው።» ጣቷን ዘርግታ ብረቱን ነካች። ብልጭ አለ።

ሥራዋን ግን በዚያው ቅጽበት ላከችው፤ አላሳደረችውም። ለማሳደር አቅም አጣች።

ከዚያ ሣጥኑን አጸደቀች። ገጹን ስትከፍተው የወንድሟ የመጨረሻ ሥራዎች ግራጫ ሆነዋል። ከእነሱ በታች የሥራ ዘመኑ በሙሉ፣ እስከ መጀመሪያው ዓመት ድረስ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ቆሟል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የተመሰከረበት ቀን አለ። ከእንግዲህ አይነካም። ረጅሙ «ጸና» አለ። ደስታ ግን በድምፁ ውስጥ አልነበረም።

ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዛ እናታቸው ቤት ሄደች። ብረቷን በመሐረቧ እንደተጠቀለለች መለሰችላቸው፤ ከእንግዲህ የምትከፍተው ነገር የለም፤ እሳቸው ግን ተቀብለው ከቤታቸው ቁልፍ ጋር እንደገና አሰሯት። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ ገጹን ከፍታ ከታች ወደ ላይ አሳየቻቸው፤ የመጀመሪያው ዓመት፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ሁሉም በስሙ።

«ይህ ሁሉ የእሱ ነው?»

«የእሱ ነው። ማንም አይሰርዘውም።»

እናታቸው ጣታቸውን እየጎተቱ አረንጓዴውን ተከትለው ወጡ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እነዚህስ? ምነው ከሰሉ?»

«እነዚያ በመጨረሻው ማታ የፈረማቸው ናቸው፣ እማዬ። ጠዋት ሊልካቸው ነበር። የደረሱን ከሄደ በኋላ ስለሆነ አልጸኑም።» ስክሪኑን ወደ እሳቸው ዘንበል አደረገችና ጨመረች፤ «እሱ ራሱ ነው እንዲያ ይሁን ያለው።»

«በላያቸው ያለችውስ?»

«እኔ ነኝ። ሲፈርም አይቻለሁ ብዬ።»

መንገድ ላይ ልጆች እየተጯጯሁ አለፉ።

«ማታ ፈርሞ አሳደረው?» አሉ በመጨረሻ።

«አሳደረው።»

«እንግዲያማ እውነት ነው» አሉ እናታቸው።

አረንጓዴዎቹን ተዉአቸው። ጣታቸውን ግራጫዎቹ ላይ አኖሩ፤ አላነሡትም። ስክሪኑ ሥራ ሲፈታ እየደበዘዘ ሊጠፋ ይላል፤ እሳቸው ነካ ያደርጉታል፤ ይበራል። እንደገና ይደበዝዛል፤ እንደገና ነካ ያደርጉታል።